ሁለቱ የዳንኤል ፈተናዎች፦ የፈተና ሰሞን ድራማዎቻችንን ስንመረምራቸው

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ፣ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ባሉ የወጣቶች ኅብረቶች ተመሳሳይ ፕሮግራም ይዘጋጃል። ተፈታኞች ወደ ፊት ይወጣሉ፣ ይጸለይላቸዋል፣ ግጥም ይነበባል፣ አጭር ድራማም ይቀርባል። ልማዱ መልካም ነው፤ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን ስለ መዝሙር ግጥም፣ ስለ ልቦለድ፣ ስለ ስብከት አቀራረብ ሂስ ስንሰጥ፣ በየመድረካችን በብዛት የሚታየውን ይህን ድራማ ሳንመረምረው እናልፋለን። የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን አብረን እናንብበው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሁለት ተማሪዎች አሉ። አንዱ ጸሎተኛ ነው። ሌላው በስልኩ ፊልም ሲያይ ያመሻል፣ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይቅማል፣ በኩረጃም ይተማመናል። እናቱ ታለቅሳለች። መጋረጃው ተዘግቶ ሲከፈት የውጤት ቀን ነው። ጸሎተኛው ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ እልል ይባልለታል፤ ሌላው ጥግ ይዞ እያነባ ንስሐ ይገባል። በመጨረሻም አንድ ሰው ይነሣና ስለ ዳንኤልና ስለ ሦስቱ ባልንጀሮቹ፣ ከሌሎቹ አሥር እጥፍ በልጠው ስለ መገኘታቸው ይናገራል።

ድራማው ይስባል፤ ያስቃል፣ ያስለቅሳልም። ችግሩ ያለው መጋረጃው በተዘጋባት በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። ልጁ ምን በላ? ስንት ሰዓት ተኛ? ከማን ጋር አጠና? ማን ረዳው? ይህ ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቀርቷል። ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ከፍታችሁ ብታነብቡ ግን ጸሐፊው ብዙ ቦታ የሰጠው ልክ እኛ ለደበቅነው ክፍል ነው። ማለት የምፈልገውም ይህን ነው፤ በዳንኤል ስም የምናቀርበው ድራማ የዳንኤልን ታሪክ አይናገርም፤ ስለማይናገርም ተፈታኞቻችንን ሊረዳ አልቻለም።

ድራማው ለማን ነው?

በመጀመሪያ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠውን ተመልካች እንይ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ገብተው ተፈተኑ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ።

በሰሜን ጎንደር ደጋ የነበረውን ደግሞ ጨምሩበት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ጭና የደረሰውን የሚረሳ የለም። በኋላም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዚህ ሁሉ መሃል ያደገ ልጅ ነው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ድራማውን የሚያየው።

ድራማችን ግን ካልተሳካለት ልጅ ጀርባ ሁልጊዜ ኃጢአት ያስቀምጣል። እስቲ እንጠይቅ፤ ከ100 ተፈታኞች ወደ 97 የሚሆኑት ጫት ቃሚዎችና ኮራጆች ነበሩን? አልነበሩም። ብዙዎቹ መምህር ሳይሟላላቸው፣ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት እየተጋሩ፣ በሻማና በኩራዝ ያነበቡ ናቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአት የሠራው ማን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ጌታም ጥያቄያቸውን አልተቀበለውም። ድራማችን ያንን ጥያቄ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ መልሱንም ራሱ ይሰጣል። ለምስክርነት የሚጠራው ያለፈው ብቻ ነው፤ የቀረው ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ራሱ የተጻፈ ፍርድ ያዳምጣል።

ምዕራፉን እንቁጠረው

ዳንኤል ምዕራፍ 1 21 ቁጥሮች አሉት። ንጉሡ ወጣቶቹን የመረመረበት ክፍል ከቁጥር 18 እስከ 20 ነው፤ ሦስት ቁጥር ብቻ። ስለ ምግብ የሚናገረው ግን ቁጥር 5ን ይዞ ከ8 እስከ 16 ይዘልቃል፤ አሥር ቁጥር። የምዕራፉ ግማሽ ያህል ማዕድ ላይ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ጸሐፊ ቦታ የሰጠውን ነገር ልብ ማለት ነው። ጸሐፊው የውጤቱን ቀን ቶሎ አልፎ፣ ጊዜውን ያጠፋው በአንድ ወጥ ቤት ጉዳይ ላይ ነው።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። በምዕራፉ ውስጥ ያለው ፈተና አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው የአሥር ቀኑ ነው። ፈታኙ ንጉሥ ሳይሆን አንድ ተራ ጠባቂ ነው፤ የሚመረመረውም የከለዳውያን ጽሑፍና ቋንቋ አልነበረም። የተመረመረው ፊታቸው ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ጠባቂው አያቸው፤ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ መልካቸው ያማረ፣ ሰውነታቸውም የሞላ ሆኖ አገኘው። ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከሦስት ዓመት ትምህርት በኋላ ነው። ስለዚህ የዳንኤል የመጀመሪያ ማለፊያ ውጤት ጤናው ነበር። እኛ በየመድረኩ የምናነሣው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

“ቁጥር 17 እውቀትንና ጥበብን የሰጣቸው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገር የለምን?” የሚል ይኖራል። አዎን፣ ይናገራል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ የት እንደ ተቀመጠ ተመልከቱ። ከማዕዱ በኋላ፣ ከንጉሡም ምርመራ በፊት፣ በሦስቱ የትምህርት ዓመታት መካከል ነው። ስጦታው ዓመታቱን አልዘለለም። ጥራጥሬውም አስማት አልነበረም፤ ምዕራፉ ባቄላ የበላ ሁሉ አንደኛ ይወጣል አይልም። ጸጋና ትጋት፣ ጸሎትና እንጀራ አንድ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን ሳያባርር።

“ፈተና” የሚለው ቃል

አማርኛችን ለትምህርት ቤቱ ምርመራ፣ ለመከራና ወደ ኃጢአት ለሚስብ ነገር አንድ ቃል ይዟል፤ ሁሉም ፈተና ነው። ሰባኪው “በፈተና መጽናት” ብሎ ርእሱን ሲያሳውቅ ተፈታኙ ልጅ ፊዚክስ ትዝ ይለዋል። ግጥሞቻችን በዚህ መመሳሰል ይጫወታሉ፤ ጨዋታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። የሒሳብ ወረቀት ጠላት ይሆናል፤ መጨነቅ የእምነት ማነስ ይባላል፤ ልጁም የሚያጠናው ነገር ሳይሆን የሚዋጋው ነገር ያለ ይመስለዋል።

ዳንኤል ግን ፈተናን ለምኖ ነው ያገኘው። ለጠባቂው ቀኑን ወሰነለት፣ የሚታየውን ነገር ነገረው፣ ፍርዱንም ለእርሱ ተወለት። በእርሱ አፍ ፈተና ማለት ያለንበትን በእውነት ማወቂያ ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚጠቅም ትርጉም የለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ወዲያው ሲጠየቁ ጥሩ መለሱ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ይበልጥ ያስታወሱት ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የጠየቁት ነበሩ። የጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ተማሪው ትምህርቱን አወቀ የሚባለው ሳያይ በቃሉ ሲወጣው ነው። እናንተም ደብተራችሁን ዘግታችሁ ለጓደኛችሁ አስረዱ፤ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ያልመለሳችሁት ጥያቄ በዛሬው ቀን አያሳፍርም፤ ነገ ምን እንደምታጠኑ ያመለክታችኋል።

ዳንኤል ስንት ቀን ጾመ?

በፈተና ሰሞን “የዳንኤል ጾም” ይታወጃል፤ አንዳንድ ቦታ 10 ቀን፣ አንዳንድ ቦታ 21 ቀን። ሁለቱ ቁጥሮች የመጡት ከሁለት የተለያዩ ታሪኮች ነው። ሦስቱ ሳምንታት ያሉት ምዕራፍ 10 ላይ ነው፤ ዘመኑ የቂሮስ 3ኛ ዓመት፣ ዳንኤልም በሐዘን ላይ ያለ ሽማግሌ ነው። በምዕራፍ 1 ያለው ወጣቱ ዳንኤል ግን አልጾመም። ምግቡን ለወጠ እንጂ አልተወም። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ፊቱ በርቶ ነው ያለፈው። ይህን ምዕራፍ ጠቅሰን ተፈታኝን ማስራብ ምዕራፉን ገልብጦ ማንበብ ነው።

አሁን ወደ ደጋው ልጅ እንምጣ። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ በጀርባው ስንቅ ይዞ ይመለሳል፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻግቷል፤ ዓርብ ቆሎ ብቻ ይቀራል። ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ውኃ ይቀዳል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የሌሎቹ ድስት ጭምር ይጠብቃታል። ይህ ልጅ ሳይታወጅለት የሚጾም ነው። ለዳንኤል በየቀኑ ምግብ የሚያቀርብለት ሰው ነበረ፤ ለዚህ ልጅ ማን አለው? ስለ ዳንኤል ስንሰብክለት የጠባቂውን ሥራ ሳንሠራ ከቀረን ስብከቱ ጎዶሎ ነው።

እንቅልፍም እንዲሁ ነው። ጫትን በአንድ ድምፅ እንቃወማለን፤ ተገቢም ነው። ጫት የሚሰጠው ንቃት ከነገው እንቅልፍ የተበደረ ነው። በድሮ ቆሎ ተማሪዎች ዘንድ አእምሮ እንዲከፈት አብሾ ይጠጣ እንደ ነበር ይወራል፤ በዚያው ስለ ታመመበት ሰውም አብሮ ይወራል። አቋራጭ መፈለግ ዛሬ አልተጀመረም። ነገር ግን ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የአዳር ጸሎት ጠርተን ተፈታኞችን እስከ ንጋት ካቆየን፣ ጫቱ የሚያደርሰውን የእንቅልፍ ማጣት እኛም በመልካም ስም አደረስነው ማለት ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ፤ ቀን የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚረጋው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። ጸሎቱ ይቅር አልልም፤ ሰዓቱ ይለወጥ። ከሥራ መልስ አመሻሽ ላይ ይጸለይ፤ ሌሊቱን ወላጆችና ሽማግሌዎች ይትጉ፤ ተፈታኞች ይተኙ።

ይህ የእምነት ማነስ የሚመስለው ካለ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ያንብብ። ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ መሞት ተመኘ። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ እንደ ገናም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፣ ዳግመኛም አበላው። የ40 ቀኑ መንገድ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁንም በኮሬብ የሰማው በልቶና ተኝቶ ነው።

በድራማው ውስጥ የጠፉት ሰዎች

የመድረካችን ጀግና ብቻውን ያጠናል፣ ብቻውን ይጸልያል፣ ብቻውን ያልፋል። በምዕራፉ ግን አንድም ብቻውን ያጠና የለም፤ አራት ናቸው። አንድ ጠባቂም አለ። የጃንደረቦቹ አለቃ ለራሱ ሕይወት ፈርቶ ሲያመነታ፣ ዳንኤል አልተጣላውም፣ ተስፋም አልቆረጠም፤ ወደ ጠባቂው ወርዶ ትንሽ ነገር ለመነ፤ አሥር ቀን። ጠባቂው ነቢይ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ሕግም አያውቅም። ሆኖም እሺ አለ። ያለ እርሱ እሺታ ታሪኩ ወደ ፊት አይሄድም ነበር።

ዛሬ ጠባቂው ማነው? መብራት እስከ ምሽት እንዲበራ የምትፈቅድ አከራይ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ የሚያስጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የአጥቢያውን አዳራሽ ቁልፍ የያዘው ወንድም ነው፤ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ባዶውን የሚያድረው ያ አዳራሽ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢከፈት የንባብ ቤት ይሆናል። ወንበር አለ፣ መብራት አለ። እናቶች ሻይና ዳቦ ቢያቀርቡ ማዕዱም ተሟላ። እኅቶች በምሽት ብቻቸውን እንዳይሄዱ አብሮ የሚሸኝ ሰው ይመደብ። ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ለድራማው መጋረጃና አልባሳት የምናወጣው ጉልበት ይበቃል።

በአንድ ነገር ግን ዘመናችን ሳናስበው ወደ ምዕራፉ ቀርቧል። የደጋው ልጅ ለፈተና ከቤቱ ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባል። ስልክ አይያዝም፤ ምግቡ የካፍቴሪያ ነው፤ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ያድራል። ለብዙዎቹ ከወላጅ ተለይተው የሚያድሩበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ዳንኤልም ከአገሩ ወጥቶ በሰው ግቢ፣ በሰው ማዕድ ተቀምጦ ነው የተፈተነው። ይህን የሚያሳይ ድራማ ግን እስካሁን አላየሁም፤ መታወቂያውንና የመፈተኛ ካርዱን አስቀድሞ የሚያዘጋጅ ልጅ፣ ብርድ ልብስ የምታስረው እናት፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት እንቅልፍ አልባነት፣ “ጠዋት ቁርስ ሳትበላ አትግባ” የሚል ጓደኛ። ይህ ቢታይ ተመልካቹ ራሱን ያገኝበታል።

ከውጤት በኋላ

ምዕራፍ 1 በውጤት ቀን አያበቃም። የመጨረሻው ቁጥር ዳንኤል እስከ ቂሮስ 1ኛ ዓመት ድረስ እንደ ኖረ ይናገራል። አሥር እጥፍ የተባለለት ቀን በረጅም ዕድሜ ውስጥ አንድ ቀን ነበር። ምዕራፍ 2 ሲገለጥ ደግሞ ያ ውጤት ምንም አላዳነውም፤ ንጉሡ ተቆጥቶ ጠቢባኑ ሁሉ እንዲገደሉ ሲያዝ የዳንኤልም ስም ከሟቾቹ ጋር ነበረ። ያን ጊዜ የሄደው ወደ ሦስቱ ባልንጀሮቹ ነው። አብረው የበሉት አብረው ጸለዩ።

ከሁሉ የሚበልጠው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምሥጢሩ ሲገለጥለት ዳንኤል ለአርዮክ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር የባቢሎን ጠቢባን እንዳይጠፉ ነው። እነዚያ ከእርሱ አሥር እጥፍ ያነሱት ናቸው! በድራማችን ጥግ ይዘው የሚያለቅሱትን ዳንኤል ከሞት አስጣላቸው። የበለጠው ለምን እንደ በለጠ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ውጤትህ ወይም ውጤትሽ ከ50 በታች ከሆነ ይህ ክፍል የተጻፈው ለእናንተም ነው። በሩን አትዝጉ። የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ድጋሚ መፈተን አለ፣ የሙያ ትምህርት አለ። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካላችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ጸሎት ከሐኪም አይጣላም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ያለፋችሁም የዳንኤልን ሥራ አትርሱ። ከእናንተ ያነሰ ውጤት ያመጣውን ጓደኛችሁን በዚያው ሳምንት ሂዱና ጎብኙት፤ ያጠናችሁበትን መጽሐፍ ለሚቀጥለው ተፈታኝ አስተላልፉ።

በየኅብረቱ ግጥምና ድራማ የምትጽፉ ደግሞ፣ ለመጪው ፈተና አዲስ ድራማ ጻፉልን። መጋረጃው በዝግጅቱ ወራት አይዘጋ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ድስት፣ አራት ልጆች፣ አንዲት ደግ አከራይ ይታዩ። አንዱ ይለፍ፣ ሦስቱ አይለፉ፤ አራቱም ግን በመጨረሻው ትዕይንት አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጡ። የሚጽፍ ካለ በሚቀጥለው እትም ለማንበብ እንጠብቃለን።